ለድሮ ሼቬል አራተኛ ማርሽ፦ የኦቨርድራይቭ ካምቢዮ አገጣጠም

በ1969 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ባለ 3.73 ዲፈረንሻልና ባለ 26 ኢንች የኋላ ጎማ ሼቭሮሌት ሼቬል በሰዓት 65 ማይል፣ ማለትም 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ ሞተሩ በደቂቃ ከ3,100 ዙር በላይ ይዞራል። በከተማ ውስጥ ይህ ደስ የሚል ጉልበት ነው። ከዋሽንግተን ተነሥቶ አትላንታ ለሚሄድ ሰው ግን ጆሮ ያደነቁራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሞተር ያደክማል። ብዙዎቹ እነዚህ መኪኖች ዓመቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ቆመው የሚውሉትም ስለዚህ ነው። ችግሩ ግን ሞተሩ አይደለም። ቱርቦ 350 የሚባለው የዘመኑ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሦስት ማርሽ ብቻ ነው ያለው፤ ሦስተኛው ደግሞ አንድ ለአንድ ነው። ኦቨርድራይቭ የሚባለው፣ 0.70 ምጥጥን ያለው አራተኛ ማርሽ ቢጨመርበት ያው መኪና በዚያው ፍጥነት 2,190 ዙር ገደማ ላይ ይረጋጋል።

እንዲህ ያለ ማርሽ በፋብሪካ ያልተገጠመለት ዘመኑ ስላልደረሰ ነው። በ1973 በአሜሪካ ላይ የነዳጅ እቀባ ተጣለ፤ በ1974 አሜሪካ በመላ አገሪቱ የፍጥነት ወሰኑን 55 ማይል አደረገች፤ በ1975 የነዳጅ ቁጠባ ሕግ ወጣ። ጄኔራል ሞተርስ 200-4አር የተባለውን ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ በ1981፣ 700አር4ን በ1982 ያወጣው ለዚህ መልስ ነው። ያን ጊዜ የጉልበተኞቹ መኪኖች ዘመን ካለፈ ዐሥር ዓመት ሊሞላው ነበር። ደግነቱ የሼቭሮሌት ሞተር የጀርባ ቅርጽ አልተለወጠም። በ1980ዎቹ የተሠራው ካምቢዮ ከ1969ኙ ሞተር ጋር ብሎን ለብሎን ይገጥማል።

ፍሬን ቀይረው፣ ሞተሪኖ ፈተው የገጠሙ ከሆነ ይህን ሥራ በራስዎ ግቢ መሥራት ይችላሉ። ከመነሻው ግን አንድ ነገር ይያዙልኝ፤ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር ማሰር የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። አዲሱ ካምቢዮ ዕድሜ ማግኘት አለማግኘቱን የምትወስነው ከካርቡሬተሩ ወደ ካምቢዮው የምትወርድ አንዲት ቀጭን ገመድ ናት። ብዙ ሰው ደክሞ ገጥሞ፣ እሷን በግምት አስሮ፣ በመጀመሪያው ጉዞ ፍሪሲዮኖቹን አቃጥሏል። ስለዚህ ስለ እሷ ከሌላው ሁሉ አስረዝሜ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ሒሳብ

ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት የዲፈረንሻልዎን ምጥጥን ይወቁ። የኋላውን ክፍል በክሪክ አንሥተው በብረት መደገፊያ ላይ ያሳርፉ፤ የፊት ጎማዎቹን በሽብልቅ ያግዱ፤ ካምቢዮውን ኑትራል ላይ ያድርጉ። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከረዳት ጋር ሆነው እኩል አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩና ካርዳኑ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቁጠሩ። ሦስት ዙር ከጥቂት ከሆነ 3.08 ነው፤ ወደ ሦስት ከሦስት ሩብ ከተጠጋ 3.73 ነው፤ አራት አልፎ ጥቂት ከሄደ 4.10 ነው።

ከዚያ በሰዓት የሚሄዱትን ማይል በዲፈረንሻሉ ምጥጥን ያባዙ፤ ውጤቱን በ336 ያባዙ፤ ለጎማው ከፍታ በኢንች ያካፍሉ። የሚያገኙት በአንድ ለአንድ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረውን ነው። ያንን በ0.70 ሲያባዙ የኦቨርድራይቩ ይወጣል። በ65 ማይልና በ26 ኢንች ጎማ 4.10 ዲፈረንሻል ከ3,440 ወደ 2,410 ይወርዳል፤ 3.08 ደግሞ ከ2,590 ወደ 1,810።

የመጨረሻውን ቁጥር ልብ ይበሉት። 1,800 ዙር ለፋብሪካ ሞተር ይበቃዋል። ጠንካራ ካም ሻፍት ለገባበት ሞተር ግን በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ መኪናው ይንገጫገጫል፤ ትንሽ ዳገት ባየ ቁጥር ወደ ሦስተኛ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሞተር ካለዎት ከካምቢዮው ጋር ዲፈረንሻሉንም ወደ 3.55 ወይም 3.73 መቀየር ይኖርብዎታል። ሞተሩ የፋብሪካ ከሆነ ግን አይቸኩሉ። የ700አር4 አንደኛ ማርሽ 3.06 ነው፤ የቱርቦ 350 ግን 2.52። ሲባዛ፣ 700አር4 ከ3.08 ዲፈረንሻል ጋር 9.42 ይሰጣል፤ ቱርቦ 350 ከ3.73 ጋር 9.40። በሌላ አነጋገር፣ ዲፈረንሻሉን ሳይነኩ ካምቢዮውን ብቻ በመቀየር መኪናው ሲነሣ 3.73 የገጠመ ያህል ይስባል። ይህን ያልቆጠሩ ሰዎች ያለ ፍላጎታቸው የሁለት ሥራ ዋጋ ይከፍላሉ።

የትኛው ካምቢዮ

ለትንሹ የሼቭሮሌት ቪ8፣ ማለትም ለ327 ወይም ለ350፣ የእኔ ምርጫ ከ1987 ወዲህ የተሠራ 700አር4 ነው። ከ1982 እስከ 1984 የነበሩት ባለ 27 ጥርስ የመግቢያ ዘንግ ስላላቸው ደካማ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ 30 ጥርስ ሆኗል፤ ከ1987 ጀምሮ ደግሞ ውስጡ ብዙ ተሻሽሏል። በ1990 ስሙ ወደ 4ኤል60 ተቀየረ እንጂ ዕቃው ያው ነው። 4ኤል60ኢ የሚለውን ሲያዩ ግን ይጠንቀቁ። እሱ ከ1993 ጀምሮ የመጣ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ነው፤ የራሱ መቆጣጠሪያ ሳጥን ካልተገዛለት አይሠራም። ከአሮጌ መኪና ዕቃ ሻጭ ሲገዙ የጎኑን ቀዳዳ ይመልከቱ፦ ከካርቡሬተሩ የምትወርደው የቲቪ ገመድ መግቢያ ከሌለው የሚፈልጉት አይደለም።

700አር4 አንድ ጉድለት አለው። ከ3.06 ወደ 1.63 ሲቀይር ዝላዩ ሰፊ ነው። በ5,000 ዙር ቢቀይር ሞተሩ ወደ 2,660 ይወርዳል፤ በቱርቦ 350 ግን 3,000 ገደማ ላይ ይቆይ ነበር። ከፍ ባለ ዙር ብቻ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ይህ ይጎዳዋል። 200-4አር በዚህ በኩል ይሻላል፤ 2.74፣ 1.57፣ 1.00፣ 0.67 ነው። ከዚህም በላይ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የፊት ገጹ ለሼቭሮሌትም፣ ለቢዩክ፣ ኦልድስሞቢልና ፖንቲያክም የሚሆን የብሎን ቀዳዳ አለው። ጂቲኦ ወይም 442 ያለው ሰው ሌላ መፈለግ የለበትም። ነገር ግን ከፋብሪካው እንደወጣ ለትልቅ ሞተር አይበረታም፤ ዝነኛው ቢዩክ ግራንድ ናሽናል የተጠቀመበት እንኳ ለብቻው የተስተካከለ ነበር። ስለዚህ 200-4አር ከመረጡ ውስጡን የሚያውቅ ባለሙያ ያድሰው። የፎርድ ሙስታንግ ባለቤቶች ከ1980 የጀመረውን ኤኦዲ ይፈልጉ፤ ከዚህ በታች የምለው መርሕ ለእነሱም በአብዛኛው ይሠራል፤ ልኮቹ ግን የተለያዩ ናቸው። ለ454 ዓይነት ብዙ ጉልበት ላለው ሞተር ትክክለኛው ካምቢዮ 4ኤል80ኢ ነው። እሱ ግን የወለሉን ጉብታ ማስፋትና ኮምፒዩተር ይጠይቃል፤ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው።

አሁን ሜትር ያውጡ። የካምቢዮው ርዝመት ካርዳኑን መቁረጥ ይኑርብዎት አይኑርብዎት ይወስናል። ባለ 6 ኢንች ጭራ ቱርቦ 350 ጠቅላላ ርዝመቱ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ 9 ኢንች ጭራው 78። 700አር4 78 ነው፤ 200-4አር 70። እንግዲህ ያለዎት አጭሩ ጭራ ከሆነ፣ 200-4አር ካርዳንዎን እንዳለ ይቀበላል፤ 700አር4 ግን 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል እንዲያጥር ያስገድዳል። ረጅሙ ጭራ ካለዎት ነገሩ ይገለበጣል። ካምቢዮውን የሚሸከመው የጎማ መቀመጫም ቦታው ይለያል፤ ከፊት ገጹ ሲለካ በቱርቦ 350 በ52 ሴንቲ ሜትር፣ በ700አር4 በ57፣ በ200-4አር በ69 ገደማ ነው። አግዳሚው ብረት ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ለዚህ ተብሎ የተሠራ አግዳሚ ይሸጣል። የመኪናውን ሻንሲ አይቁረጡ፤ አይበይዱ።

አሮጌውን ማውረድ

ባትሪውን ይፍቱ። መኪናውን በአራት ጠንካራ የብረት መደገፊያዎች ላይ፣ ከሥር ተቀምጠው መሥራት በሚያስችል ከፍታ ያሳርፉ። ብሎኬት ወይም እንጨት በፍጹም አይጠቀሙ፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል፤ እርስዎ ደግሞ ከሥሩ ነዎት።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ያንሡ። ካምቢዮው ሲወርድ ሞተሩ ወደ ኋላ ይጋደላል፤ ክዳኑም ከጋቢናው ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ይሰነጠቃል። ዘይቱን ያፍስሱ፤ ካርዳኑን ይፍቱ፤ የራዲያተሩን የዘይት ቱቦዎች፣ የፍጥነት መለኪያውን ገመድ፣ የማርሽ መቀየሪያውን ዘንግ፣ የኪክዳውን ገመድ ያላቁ። ቱርቦ 350 ከሞተሩ ጋር የተያያዘ የቫኪዩም ቱቦ አለው፤ አዲሱ ካምቢዮ ስለማይፈልገው በሞተሩ በኩል ያለውን አፍ አጥብቀው ይድፈኑት፤ ካልተደፈነ ሞተሩ አየር እየሳበ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ የፍሌክስፕሌቱን መከለያ ከፍተው ቶርክ ኮንቨርተሩን የያዙትን ሦስት ብሎኖች ሞተሩን በእጅ እያዞሩ አንድ በአንድ ያውጡ። ካምቢዮውን በካምቢዮ ክሪክ ላይ በሰንሰለት አስረው፣ ከሞተሩ ሥር ሌላ ክሪክ በእንጨት ደግፈው፣ አግዳሚውንና ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የያዙትን የዙሪያ ብሎኖች ፈተው ኮንቨርተሩን ከነካምቢዮው ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ ይሳቡ።

ቦታው ባዶ ሳለ ፍሌክስፕሌቱን ይመርምሩ። ቀጭን ስንጥቅ ካለበት አሁኑኑ ይቀይሩት። ሲቀይሩ ሁለት ነገር ያስታውሱ፦ የ153 እና የ168 ጥርስ ፍሌክስፕሌቶች ሞተሪኗቸው የተለያየ ነው፤ ከ1986 ወዲህ ያለው ትንሹ ቪ8 ደግሞ የኋላ የዘይት ማገጃው ስለተለወጠ የፍሌክስፕሌቱ ሚዛን ከአሮጌው ሞተር ጋር አይስማማም። በ1969 ሞተር ላይ የ1969 ዘመን ፍሌክስፕሌት ይገጠማል። ሞተሩ የሚያፈስ ከሆነም የኋላውን ማገጃ አሁን ይቀይሩ፤ ሌላ ጊዜ ለዚያ ብለው ካምቢዮ አያወርዱም።

አዲሱን ማስገባት

ኮንቨርተሩ ውስጥ አንድ ሊትር ያህል ዘይት ያፍስሱና በካምቢዮው ዘንግ ላይ እያዞሩ ወደ ውስጥ ይግፉት። ሦስት ጊዜ ቁልቁል ሲቀመጥ በእጅዎ ይሰማዎታል፤ የመጨረሻው ላይ ከፓምፑ ጋር ይያያዛል። ያ ሦስተኛው ካልተሰማ ቸኩለው አይነሡ፤ ያዙሩት፤ ይግፉት፤ ደግመው ያዙሩት።

ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ሲገጥም ሁለቱ አቅጣጫ ያዥ ፒኖች በትክክል መግባታቸውን ይዩ፤ የፊት ገጹ በእጅ ግፊት ብቻ ከሞተሩ ጋር መግጠም አለበት። ክፍተት ከቀረ ብሎን አጥብቆ መሳብ ክልክል ነው፤ ኮንቨርተሩ አልተቀመጠም ማለት ነው፤ ብሎኑ የሚሰብረው ፓምፑን ነው። ከተያያዘ በኋላ ኮንቨርተሩ በእጅ በነፃ መዞር፣ ከፍሌክስፕሌቱም ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። ከዚህ ያነሰ ከሆነ ያውርዱና ይመርምሩ፤ ከበዛ ስስ ቀለበት ያስገቡበት። የዙሪያው ብሎኖች 47 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃሉ። 700አር4 ደረቁን 70 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ሁለት ሰው ይሁኑ።

አዲሱን አግዳሚ ከመጨረሻው ማጥበቅ በፊት የካምቢዮውን ማዘንበል በማዕዘን መለኪያ ይውሰዱ። ጭራው ወደ ታች 3 ዲግሪ ገደማ፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ በዚያው መጠን ወደ ላይ ከሆነ ክሮቼራዎቹ እኩል ይሠራሉ። ይህ ሲዛባ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሰዎችም ጥፋቱን ጎማ ላይ ይፈልጋሉ።

ካርዳኑን የሚለኩት አሁን ነው፤ ከዚህ በፊት አይደለም። የመኪናው ክብደት በጎማዎቹ ላይ ባረፈበት ሁኔታ ዮኩን፣ ማለትም ካምቢዮው ውስጥ የሚገባውን የካርዳኑን ጫፍ፣ እስከ መጨረሻው አስገብተው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል መልሰው ይሳቡ፤ ከዚያ እስከ ዲፈረንሻሉ ያለውን ርቀት ክሮቼራ ለክሮቼራ ይለኩ። መቁረጡንና ሚዛኑን የካርዳን ባለሙያ ይሥራው። ቱርቦ 350፣ 700አር4 እና 200-4አር ሦስቱም ባለ 27 ጥርስ ዮክ ስለሚቀበሉ ያለው ዮክ ያገለግላል፤ ቱርቦ 400 ከነበረው ግን 32 ጥርስ ስለሆነ ዮኩን ይቀይራሉ።

ገመዷ

በቱርቦ 350 ላይ የነበረችው የኪክዳውን ገመድ አንድ ሥራ ብቻ ነበራት፤ ነዳጅ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ማርሹን አንድ ደረጃ ታወርዳለች። ብትበጠስም መኪናው ይሄዳል። ይህን የለመደ ሰው የ700አር4ን የቲቪ ገመድ ሲያይ ያው ይመስለዋል። አይደለችም። የቲቪ ገመድ የካምቢዮውን የዘይት ግፊት ታዝዛለች። ነዳጅ በሰጡ መጠን ገመዱ ይሳባል፤ ግፊቱም ይጨምራል፤ በዚያ ግፊት ፍሪሲዮኖቹ ተጨብጠው የሞተሩን ጉልበት ይሸከማሉ። ገመዷ ከላላች ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ እየገፋ ፍሪሲዮኖቹ ግን በደካማ ግፊት ተይዘዋል። ይንሸራተታሉ፤ ይሞቃሉ፤ ይቃጠላሉ። ለዚህ ረጅም ጊዜ አይፈጅም፤ አንድ የአውራ ጎዳና ጉዞ ይበቃል። ስለዚህ ገመዷ ሳትታሰር ወይም «ለጊዜው» ተብላ በሽቦ ተይዛ መኪናውን ከግቢ እንኳ አያውጡ።

ትክክል መሆኗ በሁለት ነገር ይወሰናል፤ አንዱ ጂኦሜትሪ፣ ሌላው ማስተካከያ ነው። ሰዎች ማስተካከያውን ይነካካሉ፤ ጂኦሜትሪውን ይረሱታል። የፋብሪካው ካርቡሬተር የነዳጅ ክንዱ የተሠራው ገመዷ በትክክለኛው ፍጥነት እንድትሳብ ሆኖ ነው። የሆሊ ወይም የኤደልብሮክ ካርቡሬተር ከገጠሙ የክንዱ ቀዳዳዎች ለዚህ አልተሰሉም። ገመዷ የምትያዝበት ጉጥ ከክንዱ መዞሪያ ማዕከል 28.6 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም አንድ ኢንች ከአንድ ስምንተኛ መራቅ አለበት። ከዚያ ከቀረበ፣ ነዳጅ ግማሽ ሲረገጥ ግፊቱ ግማሽ አይሆንም፤ ወደ ኋላ ይቀራል። ለእነዚህ ካርቡሬተሮች ቦታውን የሚያርም ትንሽ ብረት ለብቻው ይሸጣል። የካምቢዮ ዋጋ ከፍለው የዚህን ትንሽ ብረት ዋጋ አይቆጥቡ። የገመዷን ሽፋን የሚይዘው ማቀፊያም ከዚያው ካርቡሬተር ጋር የሚሄድ ይሁን፤ በቆርቆሮ የተሠራ ማቀፊያ ገመዷ ስትሳብ ይታጠፋል።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ገመዷ ላይ ያለውን የመልቀቂያ ቁልፍ ተጭነው ተንሸራታቹን ከካርቡሬተሩ ክንድ በሚርቅበት አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይግፉት፤ ቁልፉን ይልቀቁ። ከዚያ የነዳጅ ክንዱ እስከ መጨረሻው ይከፈት፤ ተንሸራታቹ ጥርስ በጥርስ እየሄደ ልኩን በራሱ ይይዛል። ክንዱን በእጅ ከሚስቡ ረዳትዎ ጋቢና ገብቶ የነዳጁን ፔዳል እስከ ወለሉ ቢረግጠው ይሻላል። በብዙ አሮጌ መኪኖች ፔዳሉ ወለል ሲነካ ካርቡሬተሩ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፤ ያ ከሆነ መጀመሪያ የፔዳሉን ትስስር ያስተካክሉ፤ ከዚያ ገመዷን ይድገሙ።

በዓይን የታየ ልክ አይበቃም። ከካምቢዮው በሹፌሩ በኩል፣ ከማርሽ መቀየሪያው ክንድ አጠገብ የግፊት መለኪያ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። እስከ 20 ባር የሚያነብ መለኪያ በረጅም ቱቦ ያስሩበትና ከሞተሩ አጠገብ ሆነው ያንብቡ። መኪናው ፓርክ ላይ ሆኖ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ፣ የነዳጁን ክንድ ሳይነኩ ገመዷን ብቻ በጣትዎ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይሳቡ። ግፊቱ ወዲያውኑ መነሣት አለበት። ገመዷ እየተሳበች መለኪያው ባለበት ከቆመ የላላ ነገር አለ፤ ፈልገው ሳያገኙ አይንዱ። ግፊቱ በዝግታ ጊዜም ከፍ ብሎ የሚቆይ ከሆነ ገመዷ ከመጠን በላይ ጠብቃለች፤ ይህ ማርሹን ዘግይቶና በጩኸት ያስቀይራል እንጂ ወዲያው አይገድልም። ከላላና ከጠበቀ መምረጥ ካለብዎ ጥቂት የጠበቀውን ይምረጡ።

የኮንቨርተሩ መቆለፊያ

ቶርክ ኮንቨርተር በተፈጥሮው ጥቂት ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱ ሙቀት ነው። 700አር4 እና 200-4አር በረጅም መንገድ ላይ ያንን የሚያስቀር ፍሪሲዮን በኮንቨርተሩ ውስጥ አላቸው፤ የሚያዘውም ኤሌክትሪክ ነው። በፋብሪካ ኮምፒዩተር ያዝዘው ነበር፤ የ1969 መኪና ግን ኮምፒዩተር የለውም። ለዚህ የተዘጋጀ ኪት ገዝተው፣ በካምቢዮው የዘይት ኮፓ ውስጥ አራተኛ ማርሽ ሲገባ የሚነቃ ማብሪያ ያስገቡ። 12 ቮልቱ በፊውዝ አልፎ ከቁልፉ ይመጣል፤ በፍሬን ማብሪያው አልፎ ወደ ካምቢዮው ሶኬት ይሄዳል፤ ፍሬን ሲነካ መቋረጥ አለበት፤ ካልተቋረጠ መኪናው ሲቆም ሞተሩ ይጠፋል። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። የ1969 የፍሬን መብራት ማብሪያ ሲረገጥ ያበራል እንጂ አያጠፋም፤ እኛ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው። ወይ ሪሌ ያክሉ፣ ወይ ሁለቱንም የሚሠራ የኋለኛ ዘመን ባለ አራት እግር ማብሪያ ይግጠሙ።

መቆለፊያውን ሳያገናኙ የሚነዱ ሰዎች አሉ፤ «ምንም አልሆነም» ይላሉ። በኦቨርድራይቭ ዝቅተኛ ዙር ላይ ኮንቨርተሩ ለሰዓታት እየተንሸራተተ ሲሄድ ዘይቱ ይቃጠላል፤ ያተረፉትን ነዳጅም በሙቀት መልሰው ይከፍላሉ። ያገናኙት።

ቀሪዎቹ

የዘይት ማቀዝቀዣ ቱቦዎቹን ካልቀየሩ ቢያንስ በፈሳሽ አጥበው በአየር ያጽዱ፤ የአሮጌው ካምቢዮ ብናኝ እዚያ ተቀምጧል፤ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አዲሱ ነው። ከራዲያተሩ ፊት ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ይግጠሙ።

የማርሽ መቀየሪያው የተሠራው ለሦስት ማርሽ ስለሆነ ለአዲሱ አይበቃም። በወለል ላይ ያለውን የፋብሪካ መቀየሪያ ሳይጥሉ ውስጡን ብቻ የሚለውጥ ኪት አለ፤ የመኪናውን መልክ ስለሚጠብቅ እሱን እመርጣለሁ። ሲያስተካክሉ ከላይ ያለው እጀታ ሳይሆን ከካምቢዮው ጎን ያለው ክንድ በየቦታው ጥርቅ ብሎ መቀመጡን ያረጋግጡ። ሞተሩ በፓርክና በኑትራል ብቻ መነሣቱንም ይፈትሹ።

ለፍጥነት መለኪያው፣ በካምቢዮው ጭራ ውስጥ ያለውን የመንጃ ጥርስ ብዛት በዲፈረንሻሉ ምጥጥን ያባዙ፤ ጎማው በአንድ ማይል በሚዞረው ያባዙ፤ ለ1,000 ያካፍሉ። ባለ 26 ኢንች ጎማ በማይል 776 ጊዜ ያህል ይዞራል። መንጃው 15 ጥርስ፣ ዲፈረንሻሉ 3.73 ከሆነ ተነጂው 43 ጥርስ ይሆናል።

ካምቢዮው ደረቅ ከነበረ ጠቅላላ 11 ሊትር ገደማ የዴክስሮን ዘይት ይወስዳል። ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት 5 ሊትር ያስገቡ፤ ሞተሩ እንደተነሣ ሌላውን ወዲያው እየጨመሩ ያሟሉ። ፍሬን ይዘው በሁሉም ማርሽ ላይ እያሳለፉ ወደ ፓርክ ይመልሱ። ትክክለኛው መጠን የሚታየው ዘይቱ ሞቆ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ

ሠፈርዎ ውስጥ፣ በቀስታ ይጀምሩ። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲቀይር ሞተሩ ዙሩን ዘሎ ከፍ ካደረገ ፍሪሲዮን እየተንሸራተተ ነው፤ ነዳጁን ይልቀቁ፤ ይመለሱ፤ ገመዷን እንደገና ይለኩ። ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሁሉንም ማርሽ ተቻኩሎ ከጨረሰ ያም የላላ ገመድ ምልክት ነው። ደህና ከሆነ ቀስ በቀስ ነዳጁን እየጨመሩ ይሞክሩ። አራተኛው እስኪገባ፣ ከዚያም መቆለፊያው ይዞ ዙሩ ጥቂት መቶ ሲወርድ ያዳምጡ፤ ፍሬኑን በእግርዎ ሲነኩት ዙሩ መልሶ ከፍ ካለ ሽቦው በትክክል ተሠርቷል። ከተማ ውስጥና ዳገት ላይ መቀየሪያውን ሦስተኛ ላይ ያቆዩ፤ አራተኛው የአውራ ጎዳና ማርሽ ነው።

ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ የዙሪያውን ብሎኖች፣ የአግዳሚውን ብሎኖችና የቱቦ መጋጠሚያዎቹን ደግመው ያጥብቁ፤ የዘይቱን ቀለምና ሽታ ይዩ። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ኮፓውን ከፍተው ብናኙን ሳያዩ ከዚያ በላይ አይንዱ።

አሮጌውን ቱርቦ 350 አይሽጡት። የ1969 ሼቬል ከፋብሪካ ሲወጣ ካምቢዮው ላይ የመኪናው ቁጥር ከፊሉ ተመቶበታል፤ ያ ቁጥር ከመኪናው ጋር መስማማቱ ወደፊት ዋጋውን በብዙ ይለውጣል። ዘይቱን አፍስሰው፣ ቀዳዳዎቹን ደፍነው፣ ከአሮጌው አግዳሚና ከአሮጌው መቀየሪያ ዕቃ ጋር በፕላስቲክ ጠቅልለው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። ካርዳንዎን የቆረጡ ከሆነም ከመቁረጥዎ በፊት የነበረውን ርዝመት በወረቀት ጽፈው አብረው ያኑሩት።